አጉል ድካም ነውን?

ስለ ፊንላንዳዊው ሊቅ ስለ ማቲያስ ካስትሬን ሳጫውተው አንድ ባልንጀራዬ «ለአምስት ሰው ቋንቋ ሰዋስው መጻፍ አጉል ድካም አይደለምን?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካስትሬን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1845 እስከ 1849 በሳይቤሪያ ሲዘዋወር የየኒሴይን ቋንቋዎች፥ ኬትንና ኮትን፥ አጠና። ኮት የሚናገሩ ሆነው ያገኛቸው በአንድ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። (የወንዙ ስም አጉል ነው፤ ለባልንጀራዬ ሳያግዘው አልቀረም።) ጤናው እየታወከ የግሡን ርባታ ሳይቀር ከአፋቸው ጻፈ። በ1852 በ38 ዓመቱ ሞተ፤ ሰዋስዉን አንቶን ሺፍነር በ1858 አሳተመለት። የኮት ተናጋሪዎችም ብዙ ሳይቆዩ አለቁ።

እኛ ወጣቶች ቢሮ ከገባን ወዲህ ሁሉን በቁጥር መመዘን ለምደናል፤ ባልንጀራዬ የሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ2008 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቫይዳ የየኒሴይ ቋንቋዎች ከሰሜን አሜሪካ የናዴኔ ቋንቋዎች ጋር ይዛመዳሉ ብሎ ማስረጃ አቀረበ። ክርክሩ ገና አላለቀም። ነገር ግን ከኬት ጎን የኮትን ግሥ አስቀምጦ ለማመዛዘን የቻለው በማን ድካም ነው? ከካስትሬን በፊት የቃላት ዝርዝር የጻፉ ነበሩ፤ ሰዋስው ግን አልነበረም። ዛሬ ከቋንቋዎቹ በሕይወት ያለው ኬት ብቻ ሲሆን፥ እርሱንም አቀላጥፈው የሚናገሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ካስትሬን ተናጋሪዎቹን ቆጥሮ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ፥ ቫይዳ አጉል ወንዝ ድረስ ቢሄድ እንኳ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም ነበር።