ተማሪው ሲበዛ ውኃው ከወዴት ይመጣል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ፍኖተ ሰላምን ዐልፎ ቡሬ እስኪደርስ ድረስ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው የበቆሎ፣ የጤፍና የበርበሬ ማሳ ነው። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም አንዱን ግቢውን የተከለው በዚሁ በቡሬ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ምርት የሚያቀነባብር የኢንዱስትሪ ፓርክ በዚያው ተመርቋል። እንግዲህ ተማሪው፣ ፋብሪካውና ከተሜው ጐን ለጐን ሆነው ሊቀዱ ነው።

ይህን የምንለው ልማቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ የገበሬው ልጅ ከቀዬው ብዙ ሳይርቅ መማሩ ደስ ያሰኘናል። የሚያሳስበን፣ የግቢ ፕላን በተነሣ ቍጥር ዓይናችን የሚያርፈው በፎቁ ብዛትና በበሩ ማማር ላይ መሆኑ ነው።

የሐረማያን ነገር እናስታውስ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ፣ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን ርዳታ የእርሻ ኮሌጁ በዚያ ሲቋቋም ሐይቁ በአጠገቡ ተንጣሎ ይታይ ነበር። የሐረር ከተማ ከእርሱ ጠጣች፤ ገበሬው በሞተር እየሳበ ጫቱንና አትክልቱን አጠጣበት፤ ከተራቈተው ኮረብታ የታጠበው አፈርም ሞላበት። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ መታየቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የእርሻ ሊቃውንት በተሰበሰቡበት ደጃፍ ይህን ያህል ሐይቅ ሊደርቅ የቻለው ዕውቀት ጠፍቶ አይመስለንም። ቀጂው ብዙ፣ ተቈጣጣሪው ግን የማንም ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ በቡሬ ገና ሳይረፍድ የሚደረግ አለ። የክረምቱ ዝናብ ከጣራው ላይ ፈሶ እንዳይቀር እያንዳንዱ ሕንጻ ከነማጠራቀሚያው ይታቀድ። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ተብሎ የተከለለው መሬትም ሣር አብቅሎ እንዳይቀመጥ፣ ግንባታው እስኪደርስበት ድረስ የቀድሞው ባለይዞታ ይረሰው፤ ካሣ የተቀበለ ቢሆንም እንኳ የታጠረ ባዶ ማሳ ማየት ለገበሬ ከባድ ነው። ስለ ዛፍ ምክር ከሩቅ መፈለግ አያሻም፤ በጎጃም ገጠር በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የቆሙት ጽድና ወይራ ዘር ይሰጣሉ። ባሕር ዛፉ ለማገዶ ይሁን፤ ከምንጩ ግን ይራቅ።

የዞኑ ዋና ከተማ በሆነችው በፍኖተ ሰላም በየቢሮው የተቀመጠ ወጣት ሹም፣ ነገ አዲስ ፕላን ለፊርማ ሲቀርብለት፣ የሕንጻውን ሥዕል ከማየቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ በሚያዝያ ወር የጕድጓዱ ውኃ ስንት ሜትር ላይ ይገኛል?