«አይችልም» ከማለታችን በፊት

በዚህ ወር የቤተሰብ ዓምዳችን ዳውን ሲንድሮም ኖሮባቸው ዕድሜያቸው ለትምህርት ስለ ደረሰ ልጆች እንወያያለን።

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ብልባላ የምትባል ትንሽ የላስታ ከተማ አለች። በዚያ የሚኖሩ ባልና ሚስት ሰባት ዓመት የሞላው እንዲህ ያለ ልጅ አላቸው እንበል። እኩዮቹ ጠዋት ደብተራቸውን ይዘው ሲያልፉ እሱ ደጃፍ ቆሞ ያያቸዋል። በአዲስ አበባ ኮከበ ጽባሕ ትምህርት ቤት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ልዩ ክፍል መከፈቱን፣ ዲቦራ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅትም በዳውን ሲንድሮም ላይ እንደሚሠራ ወላጆቹ ቢሰሙም አዲስ አበባ ለእነሱ ሩቅ ነው። ያላቸው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። ታዲያ በዚያው ምን ማድረግ ይቻላል?

አስቀድሞ ነገሩን ከእርግማንና ከቡዳ እንለየው። በሰው የሰውነት ህዋስ ውስጥ በተለምዶ 46 ክሮሞዞሞች አሉ። ዳውን ሲንድሮም ባለበት ሰው 21ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት ስለሚሆን ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 47 ይሆናል። ይህን ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ለዠንና ባልደረቦቹ በ1951 ዓ.ም. ይፋ አድርገዋል። የእናት ዕድሜ ሲገፋ የመከሰቱ ዕድል ይጨምራል፤ ሆኖም ከወጣት እናቶችም ይወለዳሉ። እናቲቱ በእርግዝናዋ በበላችው ወይም በፈራችው ነገር የመጣ አይደለም። በነገር የሚወጓት ጎረቤቶች ይህን ቢያውቁ ደግ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ሐኪም። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ሲወለዱ ጀምሮ የልብ ችግር አለባቸው። በላስታ ዳገት መሀል መንገድ ላይ የሚቀመጠውንና ከንፈሩ የሚጠቁረውን ልጅ «ሰነፍ» ብለን ከመገሠጻችን በፊት ልቡ ይታይ። ጆሮም እንዲሁ ነው። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ስለሚጠራቀምባቸው አንድ ሰሞን ይሰማሉ፤ ሌላ ሰሞን አይሰሙም። ተጠርቶ ዝም ሲል «እልኸኛ ነው» ይባላል። እንደ እኔ ከሆነ፣ ስለ ልጁ አእምሮ ከመናገራችን በፊት ጆሮውን ማስመርመር ግዴታችን ነው።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ እነዚህ ልጆች ብዙውን ጊዜ ከሰሙት ይልቅ ያዩትን ይይዛሉ። የእኛ ማስተማር ደግሞ፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በቁርአን ቤት፣ በአብዛኛው በጋራ እየጮኹ መድገም ነው። ጓደኞቹ «አሊፍ፣ ባ» ሲሉ ልጁ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ይሆናል። ኡስታዙ ሉሑን ይዘው አንዷን ፊደል በጣታቸው ቢያሳዩት፣ እሱም በጣቱ ቢከተላት፣ በማግሥቱም ያችኑ ቢደግሙለት ይለያል። የጡንቻው መላላት እርሳስ መያዝን ያከብድበታልና አስቀድሞ በአመድ ወይም በአሸዋ ላይ ይጻፍ። ቁጥርን በቤት ውስጥ ይማር፤ ቡና ሲፈላ ስኒዎቹን እየቆጠረ ይደርድር። ትእዛዝ ሲሰጠው አንድ በአንድ ይሁን። የሚለው ቢጠፋብንም እስኪጨርስ እንጠብቀው፤ አፉን ቀድመን አንናገርለት።

ጓደኝነት ግን ከፊደል ይከብዳል። ልጆች ስም ያወጣሉ። ቅጽል ስም እየሰጡ መሳለቅን ሱረቱል ሑጁራት መከልከሉን ለልጆቻችን እናስተምራለን፤ ያንኑ ስም በቤት ውስጥ እኛው ስንጠራው ከሰሙ ግን ትምህርቱ ከንቱ ነው። በሶሒሕ ሙስሊም በአነስ የተዘገበ አንድ ሐዲስ አለ። አእምሮዋ ላይ አንድ ነገር ያለባት ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ ጉዳይ እንዳላት ትነግራቸዋለች። እሳቸውም መንገዱን እሷው እንድትመርጥ አድርገው ጉዳይዋን እስክትጨርስ ድረስ አብረዋት ቆሙ።

ልጁን ሃያ ልጅ ወደሚራወጥበት ሜዳ ከመልቀቅ አንድ ወይም ሁለት የጎረቤት ልጆች ወደ ቤት መጥራት ይሻላል። ገበጣ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ጠጠር በእጅ ይቆጠራል፣ ተራ ይጠበቃል፣ ብዙ ንግግርም አይፈልግም። ሁልጊዜ እንዲያሸንፍ አይደረግለት። ሰው ሁሉ ላይ እየተጠመጠመ የሚያስቸግር ከሆነ በእጅ ሰላም ማለትን እናስለምደው። እህቱንም ዘበኛ አናድርጋት፤ እሷም የራሷ ጨዋታ አላት።

«አንቀበልም» የሚል ትምህርት ቤት ካጋጠመ፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ24ኛው አንቀጹ ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛ ትምህርት እንዳይገለል እንደሚደነግግ ወላጅ ይወቅ። ለመምህሩም ከክስ በፊት ሦስት ነገር ይንገሩት፦ ልጁ ከፊት እንዲቀመጥ፣ በየትኛው ጆሮው እንደሚሻለው፣ እና ከጎኑ ገበጣ አብሮት የሚጫወተው ልጅ ማን እንደሆነ።