የቆላው ሹፌርና ባለ አርባ መሥመሩ ሬዲዮ

ከአዘዞ ተነሥቶ የጭልጋን ደጋ በአይከል በኩል የሚያቋርጠው፣ በነጋዴ ባሕር ወደ ቆላው ወርዶ ገንዳ ውኃንና ኮኪትን ካለፈ በኋላ መተማ ዮሐንስ ላይ ከሱዳን ድንበር የሚያበቃው መንገድ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ርቀት ውስጥ መንገደኛውን ከብርድ ወደ ሐሩር፣ ከገብስ አገር ወደ ሰሊጥ አገር ያሸጋግረዋል። ይህን መንገድ ዘወትር የሚመላለሰው ሹፌር ግን፣ የእጅ ስልኩ ኔትወርክ በተቆራረጠበት ስፍራ ሁሉ፣ ከፊቱ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ምን እንዳለ የሚያውቀው ከወዲያ የሚመጣው ባልደረባው በመብራት ሲጠቅሰው ብቻ ነው። ጥቅሻውም «ተጠንቀቅ» ከማለት አልፎ፣ ተሳቢ ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶ እንደ ሆነ፣ ጎርፍ መሻገሪያውን ወስዶት እንደ ሆነ፣ ወይም የከብት መንጋ ተኝቶበት እንደ ሆነ አይተነትንም።

በዚህ ምክንያት የማቀርበው አሳብ፣ በሌላው ዓለም «ሲቢ» በመባል የታወቀው አነስተኛ የመኪና ሬዲዮ ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ሹፌርና ገበሬ በሕግና በሥርዓት ይፈቀድለት የሚል ነው፤ ከፈቃዱም ጋር የአንቴና ዕውቀት አብሮ ይምጣ እላለሁ፣ በደንብ ያልተገጠመ መሣሪያ ገንዘብን ከማባከኑም በላይ የጥበቡን ስም ያጠፋልና።

ሬዲዮ ለዚህ ቆላ እንግዳ አይደለም። በነሐሴ ወር 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ «ሚሽን 101» የተባለውን ጓድ መርተው ከመተማ አቅራቢያ ድንበሩን ሲሻገሩ፣ በዘመነ ክረምቱ ጭቃ በጋማ ከብት ከተጫነው ጓዝ መካከል የሬዲዮ መሣሪያ ነበረበት፤ ከአርበኞች ጋር የተደረገው ምክክር ወደ ካርቱም የተላለፈውም በዚሁ ነበር። በእኛም መዋዕል፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ስደተኛው በመተማ በኩል ሲገባና የኩመር መጠለያ ሲቋቋም፣ ፓራውልታቸው ላይ ረጅም ዘንግ ተክለው የሚሄዱት የርዳታ ድርጅቶች ነጫጭ ላንድ ክሩዘሮች ለነዋሪው የዕለት ትርኢት ሆነዋል። ያ ዘንግ ከዚህ ቆላ ሆኖ አዲስ አበባን የሚያነጋግር የረጅም ርቀት ሬዲዮ አንቴና ነው፤ ዋጋው ለድርጅት እንጂ ለባለ አይሱዙ የሚቀመስ አይደለም።

ሲቢ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው ቢባል ይቻላል። ከ26.965 እስከ 27.405 ሜጋ ኸርዝ ባለው የሞገድ ክልል በ40 መሥመሮች ተከፋፍሎ ይሠራል፤ ኃይሉም 4 ዋት ብቻ ነው። አሜሪካ በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዚህ ክልል ለሕዝብ ከፈተችው፤ በ1973 የነዳጅ እጥረት በደረሰ ጊዜም የከባድ መኪና ሹፌሮች ነዳጅ የት እንደሚገኝ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ልሳን ሆነ። እንግሊዝ ግን ለብዙ ዓመት ከልክላ፣ ሕዝቡ በስውር እያስገባ ሲጠቀምበት ኖሮ፣ በ1981 ለመፍቀድ ተገደደች። በሜዳማው ቆላችን ከመኪና ወደ መኪና ከ5 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ቢያደርስ ነው፤ በነጋዴ ባሕር ቁልቁለት ያለው ኮረብታ ደግሞ ይህንንም ያሳጥረዋል። አልፎ አልፎ የፀሐይ ጠባይ አየሩን ሲለውጠው ከሌላ ክፍለ ዓለም የሚመጣ ድምፅ ጣልቃ ይገባል፤ ይህን ሰምቶ ሬዲዮዬ ኃይለኛ ነው ብሎ የሚኩራራ ሰው ግን ተታልሏል።

ገዢ በልማድ የሚመረምረው ሣጥኑን ነው፤ የመብራቱን ብዛት፣ የቁልፉን ማማር። ነገር ግን ውዱም ርካሹም ሬዲዮ በሕግ የሚያወጣው ያንኑ 4 ዋት ስለ ሆነ፣ ንዋዩ የሚገባው ለአንቴናው ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት 11 ሜትር ያህል ነው፤ የባሕርይ አንቴናውም የዚህ ሩብ፣ ማለት 2.7 ሜትር ግድም ነው። ይህን ያህል ዘንግ በመኪና ላይ አቁሞ ከዛፍ ቅርንጫፍና ከከተማ ሽቦ ጋር መታገል ስለማይቻል፣ ሠሪዎቹ ከግርጌው ሽቦ ጠምጥመው ያሳጥሩታል፤ ባጠረ መጠን ግን ኃይሉ ይቀንሳል። በእኔ ፍርድ ለቆላው የሚበጀው ከግርጌው ጸደይ ያለው፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የብረት ዘንግ ነው፤ ክንድ የማይሞላውን ጌጠኛ አንቴና ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልቀበለውም።

ስፍራውም ከርዝመቱ አያንስም። የመኪናው ብረት የአንቴናው ሁለተኛ እኩሌታ ስለ ሆነ፣ ማዕከለ ጣራ ላይ የቆመ ዘንግ ድምፁን ወደ አራቱም ማዕዘን ሲያዳርስ፣ ፊት ፓራውልት ላይ የተተከለው ግን አብዛኛውን ወደ ኋላ፣ ብረቱ ወደ በዛበት አቅጣጫ ይልከዋል። ለአይሱዙ የጋቢናው ጣራ ይሻላል፤ ነገር ግን የዘንጉ ጫፍ ከካሶኒውና ከጭነቱ በላይ ይውጣ። በማግኔት የሚለጠፈው ለከተማ ፒክ አፕ ጥሩ ነው፤ በኮረኮንች ላይ ግን አቧራው ከሥሩ እየገባ ቀለሙን ይፍቀዋል፣ ራሱም ይንሸራተታል፤ ስለዚህ በቡሎን የሚታሰረውን እመርጣለሁ። ቡሎኑ የሚያርፍበት ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይፋቅ፤ ቀለም መሐል ከገባ መኪናው ከአንቴናው ጋር አይገናኝምና። ከታሰረ በኋላ ዝገት እንዳይበላው ግሪስ ይቀባ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚተወው ሥራ ይመጣል። አዝማሪ ማሲንቆውን እንደሚቃኝ አንቴናም ይቃኛል። ኃይል ከአንቴናው ምን ያህል እንደሚመለስ የሚለካው ትንሽ መለኪያ በሬዲዮውና በገመዱ መካከል ገብቶ፣ መኪናው ከቆርቆሮ ጣራና ከግንብ ርቆ በገላጣ ሜዳ ቆሞ፣ በሮቹም ተዘግተው፣ መጀመሪያ በመሥመር 1፣ ቀጥሎ በመሥመር 40 ይለካል። በ40 ላይ መርፌው ከበለጠ ዘንጉ ረዝሟልና በጥቂት በጥቂቱ ይቀነስ፤ በ1 ላይ ከበለጠ አጥሯል። መርፌው ከ1.5 በታች ቢያሳይ መልካም ነው፤ እስከ 2 ይታገሡታል፤ ከ3 በላይ ከሆነ ግን የመናገሪያውን ቁልፍ መጫን ሬዲዮውን በገዛ ኃይሉ ማቃጠል ነው።

ስለ ባትሪ አንድ ነገር ልጨምር። ሲኖትራክና ሌሎችም ከባድ መኪኖች በ24 ቮልት ሲሠሩ ሬዲዮው ግን የሚፈልገው 12 ነው፤ ስለዚህ መቀነሻ ያሻዋል። ወጪ ለማዳን ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ሽቦ የሚስብ ኤሌክትሪሺያን ቢገጥማችሁ አትፍቀዱለት፤ አንዱ ባትሪ ከሌላው ቀድሞ ይደክማልና። ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። እገታ ያስመረረው መንገድ ላይ ማንም የሚሰማውን ሬዲዮ ማብዛት ለወንበዴ መረጃ መስጠት አይሆንምን? ይላሉ። ምሥጢርን በአየር ላይ መናገር ምን እንደሚያስከትል ከእኛ ይበልጥ የሚያውቅ ሕዝብ ጥቂት ነው፤ በ1928 ዓ.ም. በማይጨው ዘመቻ ጊዜ ጣሊያኖች የንጉሠ ነገሥቱን የሬዲዮ መልእክት ይጠልፉ ነበርና። ስለዚህ የጭነት ዓይነት፣ የገንዘብ መጠንና የማደሪያ ስፍራ በዚህ መሥመር አይነገርም፤ ስለ መንገድ፣ ስለ ብልሽትና ስለ በሽተኛ ግን ይነገራል። ወንበዴ መንገዱ መዘጋቱን ቢሰማ የሚያተርፈው የለም፤ ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ግን ቆሞ ለመመለስ ጊዜ ያገኛል። የመንግሥትም ሥጋት ቢሆን መሣሪያውና ባለቤቱ በቁጥር ተመዝግበው ሲታወቁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

የገበሬው ጉዳይ ደግሞ ከሹፌሩ ይበረታል። ሰሊጥ ደርሶ በጊዜው ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በቋራ ወይም በሽንፋ በኩል ዋልካው ገና ሳይጠነክር ውኃና ቀለብ የጫነ ትራክተር ቢሰጥም ወይም ቺንጋው ቢበጠስ፣ ረዳቱ እስከ ካምፕ በእግሩ ሲኳትን ቀኑ ያልቃል፤ አጫጁም ያለ ውኃ ይውላል። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ሲቋረጥ እንዳየነው፣ በስልክ ብቻ መታመን በቂ አይደለም።

በአገራችን የሬዲዮ ሞገድ አስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ከ40ዎቹ መሥመሮች ሁለቱን፣ አንዱን ለመጠራሪያ፣ አንዱን ለአደጋ፣ ከአዘዞ እስከ መተማ ባለው መንገድና በሰሊጥ እርሻዎች ለአንድ የአጨዳ ወቅት በሙከራ እንዲፈቅድ እለምናለሁ። የሹፌሮችና የባለሀብት ገበሬዎች ማኅበራትም ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ያቅርቡ። ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ማንም ሰው በገበያ በርካሽ ቢያቀርብልህ አትግዛ፤ ያለ ፈቃድ የተያዘ ሬዲዮ ይወረሳል፣ አንተንም ያስጠይቅሃል።