«ተይው» ያልኩት እኔ ነኝ

ይቺን ነገር ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ነው። ግን አሜሪካ ኮሌጅ የሚማር ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ያላችሁ ብዙ ናችሁና ዝም ማለት አላስቻለኝም። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ እህቴ በዲቪ ሜሪላንድ ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ማታ ማታ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትማራለች። መስከረም መጨረሻ ላይ ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ድምፅ አይደለም። «ጋሼ፣ አራት ኮርስ ነው የያዝኩት። አንደኛው ገና በሴሚስተሩ አጋማሽ ነው የሚጀምረው። እነዚህን ሦስቱን እንኳ አልቻልኳቸውም፣ እሱን ልተወው እንዴ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኛ! ምክር አያልቅብኝም። «ያልጀመርሽውን ትምህርት ብትተዪው ምን ይመጣብሻል? ተይው፣ ጤናሽ ይቅደም» አልኳት። ተወችው። ስልኳን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገች፣ አለቀ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ኢሜል መጣላት። ዕዳ አለብሽ ይላል።

ነገሩን እሷ እያስረዳችኝ፣ እኔም እያነበብኩ የገባኝ እንዲህ ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ ነው። ብድር አይደለም። ለዜጋ ብቻ ሳይሆን ግሪን ካርድ ላለውም ይሰጣል፤ ፋፍሳ የሚባለውን ማመልከቻ በየዓመቱ መሙላት ነው። ከፍተኛው መጠን በፈረንጆቹ 2025-26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው፣ ለሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ። ታዲያ ሙሉው የሚገኘው 12 ክሬዲትና ከዚያ በላይ ለያዘ ነው። 9 ክሬዲት የያዘ 75 በመቶውን፣ 6 የያዘ ግማሹን ያገኛል። ድሮ ሙሉ፣ ሦስት አራተኛ፣ ግማሽ፣ ከግማሽ በታች እየተባለ በደረጃ ነበር የሚሰላው። ከ2024-25 ወዲህ ግን እያንዳንዷ ክሬዲት ትቆጠራለች፤ 11 የያዘ 92 በመቶ ነው የሚደርሰው።

የኔ እህት ከ12 ወደ 9 ወረደች። ሙሉ ለሚያገኝ ሰው በሴሚስተር 900 ዶላር ከምናምን ይጎድላል ማለት ነው። ግራንቱ ደግሞ ቀድሞ ተከፍሏል። ኮርሱን ጭራሽ ስላልጀመረችው ለሱ የተሰላው ገንዘብ መመለስ አለበት፤ የፌዴራል ደንብ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ቢያዝንላት እንኳ ማለፍ አይችልም። የተወችው ኮርስ ክፍያ ተመልሶላት፣ ከዕዳው ላይ ተቀንሶ እንኳ 400 ዶላር በላይ ቀረባት። እስክትከፍል ለቀጣዩ ሴሚስተር መመዝገብ አትችልም።

የተረፋት ሪፈንድ የት ገባ? ላፕቶፕ ገዛችበት። መጽሐፍ ገዛችበት። 200 ዶላር ደግሞ ለመስቀል ብላ ለእናታችን ላከች። በዚያ ብር በግ ገዝተን አርደናል። እኔም በልቻለሁ።

እኛ አገር ቤት ያለን ሰዎች ይህንን አናውቅም፣ ለዚህ ነው አፋችን የሚፈጥነው። እኔ ለዲፕሎማ ስማር ኮርስ መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም፣ የተለጠፈልህን ትማራለህ። ዩኒቨርሲቲ የገቡት ጓደኞቼም ኮስት ሼሪንጋቸውን ፈርመው ነው የገቡት፤ ኮርስ መተው የሬጅስትራር ወረፋ ጣጣ እንጂ የገንዘብ ጉዳይ ሆኖ ታይቶን አያውቅም። እዚያ ግን ክሬዲቱና ገንዘቡ የተጣበቁ ናቸው።

እንግዲህ «በጭራሽ ኮርስ አትተዉ» ማለቴ አይደለም። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚማር ሰው አንዳንዴ መተው ይኖርበታል። ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። ትምህርት ቤቶቹ ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሬዲት የሚቆጥሩበት ቀን አላቸው፣ ብዙዎቹ ሴንሰስ ዴት ይሉታል። ከዚያ በፊት የተተወ ኮርስ ግራንቱን ይቀንሳል፣ በትራንስክሪፕት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምልክት አይተውም። ከዚያ በኋላ፣ ገብተው ተምረውት የተተወ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ የዚያን ሴሚስተር ግራንት አይነካም፤ ግን ዳብልዩ ተብሎ ይመዘገባል። ዳብልዩ ውጤት አያበላሽም ብለን እንንቀዋለን። ተሞክሮ እንዳልተጠናቀቀ ኮርስ ግን ይቆጠራል፣ እና ብዙ ኮሌጆች ከሞከርካቸው ክሬዲቶች 67 በመቶውን ካላጠናቀቅህ ድጎማውን ያግዱብሃል። ዳብልዩ እየተጠራቀመ ግራንት ያስከለክላል ማለት ነው። ኤፍ ደግሞ ይብሳል፤ ለዚህኛውም ይቆጠራል፣ ውጤትም ይጥላል።

ከሁሉ የከፋው ሁሉንም ኮርስ ጥሎ መውጣት ነው። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ በፊት ሙሉ በሙሉ ያቋረጠ ተማሪ የቆየበትን ያህል ብቻ ነው ግራንቱን «ያገኘው» የሚባለው። 30 በመቶ ላይ ከወጣ 30 በመቶ። የቀረው ይመለሳል፣ ትምህርት ቤቱ ለመንግሥት የመለሰውንም ዞሮ ከተማሪው ይጠይቃል። ሳይናገር ዝም ብሎ መጥፋትም አያድንም፣ በሁሉም ኮርስ ኤፍ ሲታይ ያጣሩታል።

«12 ተመዝገብ፣ ሪፈንዱን ውሰድ፣ ከዚያ ተወው» እያሉ ልጆችን የሚመክሩ አሉ፤ ሰምቻለሁ። ብልጠት መስሏቸው ነው። ፔል ግራንት በዕድሜ ልክ የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው፤ ዛሬ በከንቱ የበላኸው አራተኛ ዓመት ላይ ያጥርሃል።

ደንቡን አልቃወምም። ላልተማርከው ትምህርት ገንዘብ አይከፈልህም፣ ይኸው ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ኮርስ የምትተዉበት ቁልፍ ሲነካ «እርግጠኛ ነሽ?» ብቻ ነው የጠየቃት። ስንት ክሬዲት እንዳላት ያውቃል፣ ግራንት እንደምትወስድ ያውቃል፣ የሚጎድለውን አስልቶ ማሳየት ምን ያቅተው ነበር? እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ የሆነ፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጣች ልጅ ድረ ገጽ ላይ የተበተነ ደንብ ቁጭ ብላ ታነባለች ብሎ መጠበቅ ለኔ ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ እዚያ ያላችሁ፣ ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሂዱና «ይህን ኮርስ ዛሬ ብተወው ግራንቴ ስንት ይሆናል? ስንት እመልሳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በኢሜል ቢሆን ደግሞ የተጻፈ መልስ ይኖራችኋል። እዚህ ያለን ደግሞ ሪፈንድ ደረሰ ሲሉን የበግ ዋጋ አንንገራቸው። ያ ገንዘብ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ የነሱም አይደለም።

እህቴ ትምህርት ቤቱን አነጋግራ በየወሩ እየከፈለች ነው። ለገና የሚላክ ነገር እንደሌለ ለእናታችን የነገርኳት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።