ላፕቶፕ ሲገዛ መንገዱም ይጠየቅ

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ለሥራ የሚመላለስ የፕሮጀክት ባለሙያ፣ ኦዲተር ወይም አስጎብኚ ከቦርሳው የማይለየው ዕቃ ላፕቶፕ ነው። ዛሬ ሁሉም የሚፈልገው ስስና ቀላሉን ነው። ፍላጎቱ ትክክል ነው፤ ትከሻ ያውቀዋል። ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው።

የብዙ መሥሪያ ቤት የግዢ መጠየቂያ "ኮር አይ 7፣ ራም 16 ጂቢ" ይልና ያበቃል። ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ይህ ለጠረጴዛ የተጻፈ መስፈርት ነው። በሞዴል 22 ፈርሞ የሚረከበው ግን መንገደኛው ሠራተኛ ነው፤ ዕቃው ሲበላሽ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ከኪሱ የሚገዛውም ቢሆን የብዙ ወራት ደመወዙን የሚከፍለው የሻጩን ቃል አምኖ ነው።

መንገዱ ቢጠየቅ ምን ይላል?

አንደኛ፣ መብራት። ባትሪው ስንት ዋት ሰዓት እንደሚይዝ ከፕሮሰሰሩ እኩል መታየት አለበት። በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ ከመኪና ወይም አቅሙ ከሚበቃ ፓወር ባንክ ይሞላል፤ የራሱ ልዩ ቻርጀር ያለው ግን ቻርጀሩ ከጠፋ ወይም ከተቃጠለ ሥራው እዚያው ይቆማል። ከጎንደር አዲስ አበባ የሚበር ሰው ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣው መያዝ አለበት። በአየር መንገዶች ዘንድ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ በተለመደው አጻጻፍ 27,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ከፍታ። ብዙ አምራቾች ላፕቶፖቻቸው የሚሠሩበትን ከፍታ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ብለው ይወስናሉ። ደባርቅ ከዚያ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው ሳንቃበር ግን ያልፈዋል። የድሮው ሃርድ ዲስክ ማንበቢያ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ የመበላሸት ዕድሉ ይጨምራል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ አያሰጋውም፤ የመኪና መንገጫገጭም ቢሆን ብዙም አይጎዳውም። በሌላ በኩል ከሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ዛሪማ ሲወረድ ቆላው ይቀበላል። ብዙዎቹ ላፕቶፖች እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ መተው አይገባም።

ሦስተኛ፣ ክብደቱ ራሱ። ስስ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የቀጠነው መሰኪያዎቹን ጥሎ ነው። የፕሮጀክተርና የኔትወርክ ገመድ ማገናኛ ተጨምሮበት፣ ከቻርጀሩ ጋር መመዘን አለበት። ማገናኛውን ረስቶ አዳራሽ የደረሰ ሰው የቆጠበው 300 ግራም አያጽናናውም።

አራተኛ፣ ኔትወርክና ጥገና። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በኋላ በአማራ ክልል ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የሚረሳ የለም። ሰነዱ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የተቀመጠበት ላፕቶፕ እንዲህ ባለ ጊዜ ባዶ ሳጥን ነው። በቂ ማከማቻ ያስፈልጋል፤ ፒችትሪና የአማርኛ መጻፊያውም ያለ ኢንተርኔት መሥራታቸው ከመግዛት በፊት ይሞከር። በአዲስ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚመጡ ላፕቶፖች ባትሪያቸው ቢያስመሰግንም የቆዩ ፕሮግራሞችን ሁሉ አይቀበሉም። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነም በኋላ መጨመር ስለማይቻል ከመጀመሪያው በቂውን መግዛት ግድ ነው።

የግዢ ክፍሎች "ዝቅተኛውን ዋጋ ትተን ብንገዛ ኦዲት ይጠይቀናል" ይላሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ዋጋ የሚወዳደረው መስፈርቱን ባሟሉት መካከል ነው። ባትሪው፣ አሞላሉ፣ ኤስኤስዲው፣ መሰኪያውና የጥገና ዋስትናው በመስፈርቱ ውስጥ ከተጻፉ ዝቅተኛው ዋጋም ለመንገደኛው የሚሆን ዕቃ ያመጣል። ለዚህ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም። መስፈርቱ ከመጻፉ በፊት ደባርቅ የሚመላለሰውን ሠራተኛ ጠርቶ መጠየቅ ይበቃል።