ስለ መስመሩም ይጠየቅ

ስለ ኮምፒዩተር ስንከራከር ነገሩ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ፍጥነት ያልቃል። መረጃው በየት በኩል ገብቶ በየት እንደሚወጣ የሚጠይቅ አይገኝም። ወፍጮ ቢፈጥን እህሉ ካልደረሰለት ምን ይፈጫል?

ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተባለው ማገናኛ በሦስተኛው ትውልዱ በአንድ መስመር በሴኮንድ 1 ጊጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አራተኛው የዚህን እጥፍ፣ በ2019 የወጣው አምስተኛውም የዚያን እጥፍ። መልካም ነው። ነገር ግን ገዢን የሚያታልለው የመሰኪያው ብዛት ነው። በሦስተኛው ትውልድ ዘመን በብዙ የኢንቴል ሰሌዳዎች ላይ ዲስኩም ኔትወርኩም ዩኤስቢውም በቺፕሴቱ ተሰብስበው ወደ ፕሮሰሰሩ የሚያልፉት ከ4 መስመር በማይበልጥ አንድ ማያያዣ ነበር። እያንዳንዳቸው 4 መስመር የሚሹ ሁለት ዲስኮች እዚያ ከተሰኩ፣ አብረው ሲሠሩ የአንዱን ፍጥነት ይካፈላሉ ማለት ነው። ኤኤምዲ በ2017 ባወጣው ኢፒክ ላይ 128 መስመር ከፕሮሰሰሩ በቀጥታ ማውጣቱ፣ እኔን ከኮሮቹ ብዛት ይልቅ ያስደነቀኝ ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የትምህርት ክፍሎቻችን መሣሪያ ለመግዛት ዋጋ ሲያስቀርቡ፣ ስንቱ መስመር በቀጥታ እንደሚወጣ፣ ስንቱስ በቺፕሴቱ በኩል በጋራ እንደሚሠራ ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁልን። መምህሮቻችንም የሰሌዳውን ንድፍ ክፍል ውስጥ ዘርግተው ያሳዩን።