በድካም ሰዓት ስለሚወሰን ውሳኔ

«ምርጫ በዛብኝ» ብሎ የሚያማርር ስደተኛ አጋጥሞኝ አያውቅም። እንዲህ ያለው እሮሮ የሚሰማው ከበለጸጉት አገሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ በአንድ ትልቅ የምግብ መደብር ያደረጉትን ሙከራ አሳትመው ነበር። ለገበያተኛው አንድ ጊዜ 24 ዓይነት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ 6 ዓይነት ማርማላታ ለቅምሻ አቀረቡ። ሃያ አራቱ ብዙ ሰው ሰበሰቡ፤ ገዢ ግን አጡ። ከሃያ አራቱ ፊት ከቆሙት የገዙት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ ከስድስቱ ፊት ከቆሙት ግን ከመቶ 30 ያህሉ ገዝተዋል። ካርቲየ 6 ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሰው «የጥጋብ ነው» ቢል አልፈርድበትም።

ሆኖም ውድ ተማሪዎች፣ ነገሩ እኛንም ይመለከተናል። የአንዳችሁን እናት የአንድ ቀን ጠዋት አስቡ። በእጇ ባለው ፍራንክ ከሰል ትግዛ ወይስ ውሃ? ለቤት ኪራይ የተቀመጠው ይነካ ወይስ ከሱቅ በዱቤ ይወሰድ? ያተኮሰው ሕፃን ዛሬ ሐኪም ቤት ይሂድ ወይስ እስከ ነገ ይታይ? እያንዳንዱ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ልዩነቱ ግን የካሊፎርኒያው ሰው ቢሳሳት የማይጥመው ማርማላታ ይተርፈዋል፣ እሷ ብትሳሳት እራት ይቀራል። ስለዚህ ገና ረፋድ ላይ ሐሳቧ ይዝላል።

ይህን በሚገባ ያሳየ አንድ ጥናት አለ። በህንድ አገር በታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ሁለት ጊዜ ተፈተኑ። የመጀመሪያው አዝመራ ከመሰብሰቡ በፊት፣ እጃቸው ባጠረበት ወቅት ነው፤ ሁለተኛው ከተሰበሰበ በኋላ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት እነዚያው ሰዎች በችግሩ ወቅት ያመጡት ነጥብ ዝቅ ያለ ነበር። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተሸከመው ሐሳብ ነው። «ድኻ ማሰብ አይችልም» ለሚሉት ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

እውነቱን ለመናገር ሊቃውንቱ በሁሉም ነገር አልተስማሙም። የሰው የመወሰን ኃይል እንደ ባትሪ ያልቃል የሚለው አስተሳሰብ ከ1998 ጀምሮ ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ በ2016 ግን ከ20 በላይ ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ቢሞክሩት የተባለውን ያህል ውጤት አላገኙም። ይሁን እንጂ የደከመና የተጨነቀ ሰው ነገሩን ለመገላገል ብቻ እንደሚወስን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልገንም። ሰፈራችን በቂ ነው።

የእናንተ ዕድሜ ምርጫዎች ደግሞ ከባዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ ለስደተኛው የመማርና የመሥራት መብት ሰጠ። መልካም ነው። ግን በሩ ሲከፈት ጥያቄውም አብሮ ገባ፦ የአገሩን መንግሥት ትምህርት ለመከታተል ፈረንሳይኛ ልማር? ወይስ ነገ ሌላ አገር ብሄድ ይጠቅመኛል ብዬ እንግሊዝኛ? ዓሊ አዴ ካምፕ ልግባ ወይስ ከተማ ልቆይ? አገር ቤት ልመለስ? ሦስተኛ አገር ልጠብቅ? በዚህ ላይ ስልክ አለ። አንዱ ዘመድ ከካናዳ፣ ሌላው ከሪያድ፣ ሦስተኛው ከድሬዳዋ ይደውላል፤ ሦስቱም የተለያየ ይመክራሉ። ሦስተኛ አገር የመሄዱ ነገር ደግሞ በእጃችን ያለ ምርጫ አይደለም። በዓለም ካሉት ስደተኞች በየዓመቱ ይህ ዕድል የሚደርሳቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ አሜሪካም በጥር 2025 በሯን ዘግታለች። በእጃችን የሌለውን ነገር እንደ ምርጫ ቆጥሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጡ ማደር ድካም ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ደላላው የሚመጣው እንግዲህ ይሄኔ ነው። ጠዋት ሲመጣ አይታይም፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈልጎ ካጣ በኋላ፣ ማታ ይመጣል። «አንተ ብቻ ተነሥ፣ ሌላውን ለእኔ ተወው፤ ገንዘቡንም ስትደርስ ትከፍላለህ» ይላል። ከጀልባው ጋር አንድ ሌላ ነገር ይሸጣል፤ ከማሰብ ማረፍን። በሐሳብ ለዛለ ልጅ ከዚህ የሚጥም ቃል የለም። ወዴት እንደሚያደርስ ግን ኦቦክን ጠይቁ። በጥር 2019 በጎዶሪያ አካባቢ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ሚያዝያ 8 ቀን 2024 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በዚያው አካባቢ ሌላ ጀልባ ተገልብጣ ቢያንስ 38 ሰዎች አለቁ፤ በዚያው ወር ከየመን ስትመለስ የነበረች ሌላ ጀልባም ሰጠመች። ከሞቱት አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች ናቸው። ሁሉም በድካም ወሰኑ ማለቴ አይደለም፤ ረሃብም፣ ጦርነትም፣ የቤተሰብ ዕዳም አለ። ማታ ተነግሯቸው ሌሊት የተነሡ ግን ጥቂት አይደሉም።

ምን ይሻላል? ትንንሹን ጥያቄ በልማድ መዝጋት አንዱ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት በእነዚያ ቀናት «ምን ይሠራ?» ብሎ አይጨነቅም፤ ሽሮ ነው። የደንብ ልብሱን የምታማርሩ ተማሪዎችም (ብዙ ናችሁ) ከየጠዋቱ አንድ ጥያቄ እንደቀነሰላችሁ ልብ በሉ። ሁለተኛው፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ማሳደድ መተው ነው። በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኸርበርት ሳይመን ሰው ሁሉንም አማራጭ መዝኖ መጨረስ ስለማይችል የሚበቃውን መጠን አስቀድሞ ወስኖ፣ ያንን ያሟላ ሲያገኝ መቆም እንደሚገባው አስተምሯል። ፈረንሳይኛ ወይስ እንግሊዝኛ የሚለው ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያመነታ ሁለቱንም ሳይጀምር የቀረ ልጅ አውቃለሁ። አንዱን ይዞ አንድ ዓመት ቢማር ኖሮ ሌላውም በቀለለው ነበር።

ትልቁን ነገር ደግሞ ለጠዋት አቆዩት። በዚህ ከተማ ሙቀት ከቀትር በኋላ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፤ ጫቱ የሚገባው፣ ወሬውም የሚደራው ያኔ ነው። «ዛሬ ማታ ካልወሰንክ ያመልጥሃል» የሚላችሁ ማንም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን፣ መልሳችሁ «ነገ ጠዋት» ይሁን። ጠዋት ላይ ለእናት፣ ለታላቅ ወንድም ወይም ለአስተማሪ ጮክ ብላችሁ ንገሩት። ሲነገር የሚያሳፍር ሐሳብ ሌሊት ትክክል መስሎ ይታያል።

በሚቀጥለው ወር የቋንቋ ክፍል የምትመርጡ ተማሪዎች እኔን ልታማክሩ ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት በሩ ላይ አለሁ። ማታ ግን አትምጡ፤ እኔም ያን ሰዓት ደክሜያለሁ።